ካርታውን ማን ደረደረው?

አንቶኒዮ ዳማዚዮ «የዴካርት ስሕተት» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ኢኮኖሚስቶች ለብዙ ዘመን አብረውት የኖሩ አንድ ሰው አለ። ስም የለውም፤ አገር የለውም፤ ዘመድ አዝማድ የለውም። የሚፈልገውን ነገር ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ገበያ ሲወጣ የዕቃውን ሁሉ ዋጋና ጥቅም በአንድ ትንፋሽ ያመዛዝናል። አይቆጣም፤ አይፈራም፤ ይሉኝታ አያውቅም። ዛሬ በገዛው ዕቃ ነገ አይጸጸትም። ይህን ሰው በመርካቶም ሆነ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በአካል ያየው የለም፤ መኖሪያው የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ዋጋና ስለ ግብር፣ ስለ ደመወዝና ስለ ወለድ የተሠራው ስሌት አብዛኛው በእሱ ትከሻ ላይ የቆመ ነው።

የነቀፉት ብዙዎች ናቸው። የኢኮኖሚክስ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ ራሱ፣ ስለ ሀገሮች ሀብት የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፍ በ1776 ከማሳተሙ 17 ዓመት አስቀድሞ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስለ ሰው ልጅ ርኅራኄ፣ ቁጣና ኀፍረት አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። የሥነ ልቡና ሊቃውንቱ ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪም በ1979 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ያን ያህል ገንዘብ ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይልቅ ያንኑ ያህል ሲያጣ የሚሰማው ሕመም እንደሚበረታ አሳይተዋል። እነዚህ ሁሉ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ፖርቱጋል የተወለደው የነርቭ ሐኪም አንቶኒዮ ዳማዚዮ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ይዞ መጣ። የለም የተባለውን ሰው አገኘው። ያገኘው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ስሜት የማያውቀው ሰው በሽተኛ ሆኖ፣ በዚያም ላይ ንብረቱን አጥቶ ቁጭ ብሎ ነበር።

በ1994 የታተመው የዚህ መጽሐፍ ጉልበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የአንጎል ሳይንስንና ኢኮኖሚክስን ያጋባ «ኒውሮኢኮኖሚክስ» የሚሉት የጥናት ዘርፍ ተነሥቷል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ማእከል ከፍተውለታል፤ ነጋዴዎችም ማስታወቂያ ለማሳመር ይጠሩታል። ዘርፉ ስሜት በውሳኔ ውስጥ ስላለው ድርሻ ሲናገር የዳማዚዮን ስም ሳያነሣ አያልፍም። ስለዚህ መጽሐፉን ዛሬ መልሶ ማየት የቆየ መጽሐፍ አቧራ እንደ ማራገፍ የሚቆጠር አይመስለኝም። አንጎልን መመርመር ስለ ገንዘብ ውሳኔያችን ምን ያስረዳናል? የማያስረዳንስ ምንድን ነው? ለእኔ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከአንደኛው ያላነሰ ክብደት አለው።

መጽሐፉ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። መስከረም 13 ቀን 1848፣ ቨርሞንት በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ካቨንዲሽ አጠገብ፣ ፊኒየስ ጌጅ የተባለ የ25 ዓመት የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ በዐለት ጉድጓድ ውስጥ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ድንገት ይፈነዳል። ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ርዝመትና ስድስት ኪሎ ያህል ክብደት ያለው የብረት ዘንግ በግራ ጉንጩ ሥር ገብቶ በአናቱ ይወጣል። ጌጅ አልሞተም። ተናገረ፤ ተራመደ፤ ከዚያም በኋላ ከ11 ዓመት በላይ ኖረ። ነገር ግን ሐኪሙ ጆን ሃርሎው እንደ መዘገበው፣ ጠንቃቃና ታታሪ የነበረው ሰው ተሳዳቢ፣ ዕቅዱን የማይጨርስ፣ ምክር የማይሰማ ሆነ። ሃርሎው ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ለርእሳችን ይስማማል። ጌጅ ከጥንት ወንዝ ዳር የለቀማቸውን ጥቂት ጠጠሮች በአንድ ሺህ ዶላር እንኳ አልሸጥም ይል ነበር። የገንዘብ ሚዛኑ ከአንጎሉ ጋር ተበስቷል ማለት ነው።

ከጌጅ ቀጥሎ የሚመጣው ዳማዚዮ ራሱ የመረመረው፣ በመጽሐፉ ውስጥ «ኤልየት» የሚል ስም የሰጠው ሰው ነው። ይህ ሰው ጥሩ ሥራና ቤተሰብ ነበረው። ከግንባሩ አጥንት ጀርባ በበቀለ ዕጢ ምክንያት በቀዶ ሕክምና ዕጢው ሲወጣ፣ የተጎዳው የፊት አንጎሉ ክፍልም አብሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ የማሰብ ችሎታው ሲፈተን ከማንም አያንስም፤ የማስታወስ ኃይሉም፣ ቋንቋውም፣ ሒሳቡም ደኅና ነው። ሥራ ቦታ ግን አንድ ክምር ወረቀት እንዲለይ ሲሰጠው በቀን ይለየው በመጠን፣ በጉዳዩ ይለየው በሌላ ሲያወጣ ሲያወርድ ቀኑ ይመሻል። ከሥራ ተባረረ። ከማይታመን ሰው ጋር ሽርክና ገብቶ ያጠራቀመውን ሁሉ አጣ። ትዳሩ ፈረሰ፤ ሁለተኛውም ፈረሰ። የአካል ጉዳት ድጎማውም ተቋረጠበት፤ ምክንያቱም የመረመሩት ሰዎች አእምሮው ጤነኛ ነው ብለዋል። ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ አለዚያም ልግመኛ ነው።

አንባቢ ይህችን «ልግመኛ» የምትል ቃል በልቡ ይያዝልኝ፤ በመጨረሻ እመለስባታለሁ።

ዳማዚዮ ያስተዋለው፣ ኤልየት የደረሰበትን መከራ ሁሉ ሲተርክ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወራ ይመስል እንደ ነበረ ነው። አድማጩ ሲያዝን ባለታሪኩ አያዝንም። ያውቃል እንጂ አይሰማውም። በጽሑፍ ፈተና ላይ ስለ አንድ ችግር መፍትሔ ሲጠየቅ አማራጮቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ የእያንዳንዱንም ውጤት በትክክል ይተነብያል። ሲጨርስ ግን ይህን ሁሉ አውቆም የትኛውን እንደሚመርጥ እንደማያውቅ ይናገራል። ዳማዚዮ በዚያው የአንጎል ክፍል ስለ ተጎዳ ስለ ሌላ በሽተኛ የሚያወሳት አጭር ታሪክም አለች። ሐኪሙ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለት ቀኖች ያቀርብለታል። ሰውየው ማስታወሻውን አውጥቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሌላ ቀጠሮ እንዳይጋጭበት፣ የአየሩን ጠባይ፣ ምኑንም ምናምኑንም ሲያነሣና ሲጥል ይቆያል። ሐኪሙ ታግሦ ታግሦ «በሁለተኛው ቀን ና» ሲለው «መልካም» ብሎ ማስታወሻውን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ይህችን ገጽ ሳነብ ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀች ሆና አገኘኋት። በዐሥር መስመር ውስጥ አንድ ትልቅ ንድፈ ሐሳብ ተንኮታክቷል። በስሌት ብቻ የሚኖር ሰው ውሳኔው የጠራ አልሆነም፤ ጭራሹን መወሰን አቃተው። ስሌት የራሱ ማቆሚያ የለውምና «ይበቃል» የሚል ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። ዳማዚዮ ይህን «ይበቃል» ባይ ሰውነት ነው ይላል። ቀድሞ ያቃጠለን ነገር ዳግመኛ ሲቀርብ ልብ ይመታል፤ ሆድ ይጨነቃል፤ እጅ ያልበዋል። አእምሮ ገና ሐሳቡን ሳይጨርስ ሰውነት በአንዱ መንገድ ላይ የአደጋ ምልክት ተክሎ ይጠብቀዋል።

የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም። እኛ ስናስተውል «ልብ እናደርጋለን»፤ የተወዛወዘ ወጣት ሲረጋ «ልብ ገዛ» እንላለን፤ ነገሩ ሳይጥመን «ሆዴ ፈራ»፣ መጨከን ሲያቅተን «አንጀቴ እንቢ አለኝ» እንላለን። ውሳኔን ከአንገት በታች ማስቀመጥ ለቋንቋችን አዲስ አይደለም። ሆኖም አንዳንዶቻችን እንደምናደርገው «ይህንማ አባቶቻችን ያውቁት ነበር» ብሎ መጽሐፉን መዝጋት ስንፍና ነው። አነጋገራችን ነገሩን ታዝቧል፤ ነገር ግን «ልበ ቢስ» የተባለው ሰው ምኑ እንደ ጎደለ፣ የጎደለው ከየት ላይ እንደሆነ፣ ሲጎድል ምን እንደሚከተል አልመረመረም። ትዝብት ሌላ ነው፤ ምርመራ ሌላ ነው። የዳማዚዮ ውለታ ትዝብቱን ወደ ምርመራ ማሻገሩ ነው።

ምርመራውም የቁማር ጨዋታ ነው። እሱና የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ፣ ከእነሱም ዋናው አንትዋን ቤቻራ፣ አራት ረድፍ ካርታ አዘጋጁ። ተጫዋቹ ሁለት ሺህ የጨዋታ ዶላር ይሰጠውና አንድ አንድ ካርታ ይገልጣል። ከሁለቱ ረድፎች የሚወጣ እያንዳንዱ ካርታ 100 ዶላር ያስገኛል፤ ከሌሎቹ ሁለቱ 50 ብቻ። ነገር ግን መቶ የሚሰጡት ረድፎች በየመካከሉ ከባድ ቅጣት አለባቸው። ዐሥር ካርታ ሲገለጥ 1,000 ዶላር ተገኝቶ 1,250 ይከፈላል። ሃምሳ የሚሰጡት ደግሞ በዐሥር ካርታ 500 አስገኝተው 250 ብቻ ይወስዳሉ። ጤነኛው ተጫዋች መጀመሪያ በመቶው ይጓጓል፤ ከተቀጣ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሃምሳው ይዞራል። የፊት አንጎላቸው የተጎዳው ግን መቶ መቶ እያሉ እስከ ኪሣራ ይሄዳሉ።

በ1997 በወጣው ጥናታቸው ደግሞ በተጫዋቾቹ እጅ ቆዳ ላይ ላበትን የሚለካ መሣሪያ ገጠሙ። ጤነኞቹ ሃምሳኛው ካርታ አካባቢ ደርሰው «እነዚያ ረድፎች ጥሩ አይመስሉኝም» ከማለታቸው በፊት እጃቸው ወደ መጥፎው ረድፍ ሲዘረጋ ቆዳቸው ማላብ ጀምሯል። የበሽተኞቹ ቆዳ ግን ደረቅ ነው። ከበሽተኞቹ አንዳንዶቹ የጨዋታውን ምሥጢር በኋላ ደርሰውበት፣ መጥፎው የትኛው እንደሆነ በአፋቸው እየተናገሩ እንኳ ከመጥፎው ይመዙ ነበር። ማወቅና መምረጥ ሁለት ነገር መሆናቸውን ይህን ያህል ያሳየ ሌላ ፈተና አላውቅም።

ምስጋናውን ይህን ያህል ካልኩ ወደ ሒሱ ልለፍ። በሦስት ነገር መጽሐፉን እወቅሰዋለሁ፤ ሦስተኛው ግን ከመጽሐፉ አልፎ ተከታዮቹን ሁሉ ይነካል።

የመጀመሪያው ርእሱ ነው። «የዴካርት ስሕተት» መባሉ ገበያ ሳይስብለት አልቀረም። ዴካርት ነፍስንና ሥጋን ለይቷል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ይኸው ፈላስፋ በ1649፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ ስለ ነፍስ ስሜቶች አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያም ስሜቶች በተፈጥሯቸው መልካም እንደሆኑ፣ ክፋታቸው ሲበዙ ወይም ያለ ቦታቸው ሲውሉ ብቻ እንደሆነ ይከራከራል። በርእስ ላይ በስሙ የተከሰሰ ሰው የመከላከያ ቃሉ በሚገባ ሊሰማለት ይገባ ነበር።

ሁለተኛው፣ ዳማዚዮ ከታሪኩ ጋር የማይስማማውን ነገር ቸል ማለቱ ነው። የጌጅን ታሪክ በጥልቀት ያጠናው አውስትራሊያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ማልኮም ማክሚላን በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጌጅ ከአደጋው በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኛ ሠረገላ ነጂ ሆኖ እንደ ሠራ አስታውሷል። ብዙ ፈረስ ጠምዶ፣ መንገደኛ ጭኖ፣ በሰዓቱ መነሣትና መድረስ ላልተረጋጋ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። ጌጅ ቢያንስ በከፊል አገግሟል ማለት ነው። የካርታው ጨዋታም ቢሆን ጥያቄ አላጣውም። ቲያጎ ማያና ጄምስ ማክሌላንድ በ2004 ተጫዋቾቹን በረቀቀ መንገድ ቢጠይቋቸው፣ የትኛው ረድፍ እንደሚሻል ቀድሞ ከታሰበው ፈጥነው ያውቁ እንደ ነበር አሳይተዋል። ሰውነት ከአእምሮ ይቀድማል የሚለው ነገር እንግዲህ ገና ያልተዘጋ ክርክር ነው።

ሦስተኛው ወቀሳዬ ከባድ ነው፤ የሚጀምረውም ከዳማዚዮ ከራሱ ቤት ነው። በ2005 ባባ ሺቭ የተባለ ተመራማሪ፣ ከዳማዚዮና ከቤቻራ ጋር ሆኖ ሌላ ጨዋታ አዘጋጀ። ለተጫዋቹ 20 ዶላር ይሰጠዋል፤ ሃያ ጊዜም አንድ አንድ ዶላር በሳንቲም ዕጣ ላይ ያስይዝ እንደሆነ ይጠየቃል። ከተሸነፈ ዶላሩ ይሄዳል፤ ካሸነፈ ሁለት ዶላር ተኩል ያገኛል። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ሁልጊዜ ማስያዝ ያዋጣል። ጤነኞቹ ግን ያስያዙት ወደ 58 በመቶ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲሸነፉ ፈርተው ይሰበስባሉ። የስሜት አንጎላቸው የተጎዳው በሽተኞች ወደ 84 በመቶ አስይዘው የበለጠ ገንዘብ ይዘው ወጡ። እነኤልየት አሸነፉ!

እንግዲህ ስሜት ለገንዘብ ውሳኔ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? በካርታው ጨዋታ ይጠቅማል፤ በሳንቲሙ ይጎዳል። በሁለቱም ቦታ ግን የአንጎሉ ጉዳት ዓይነት ተቀራራቢ ነው። የተለወጠው ገበታው ነው። ካርታውን የደረደሩት ተመራማሪዎች ስግብግብነት እንዲቀጣ አድርገው ደረደሩት፤ ሳንቲሙን ያዘጋጁት ድፍረት እንዲሸለም አድርገው አዘጋጁት። በሳንቲሙ ጨዋታ የሚጠፋው ቢበዛ ተመራማሪው የሰጠው ሃያ ዶላር ነው፤ ተሸንፎ ቤቱን የሚያጣ የለም። በእውነተኛው ዓለም ያው ድፍረት ኤልየትን ምን እንዳደረገው አይተናል። አንጎልን ብቻ መርምሮ «ይህ ውሳኔ ጥሩ ነው፤ ያ መጥፎ ነው» ማለት አይቻልም። ውሳኔ የአንጎልና የገበታ ልጅ ነው፤ ሳይንሱ ግን ዓይኑን የተከለው በአንድ ወላጁ ላይ ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ በግልጽ የሚታይበት ሌላ ጨዋታ አለ። ለሁለት ሰዎች ዐሥር ዶላር ይቀርባል። አንደኛው አካፋይ ነው፤ ሁለተኛው የተሰጠውን ይቀበላል ወይም እንቢ ይላል። እንቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። የመማሪያ መጽሐፉ ሰው አንድ ዶላርም ቢሰጠው ይቀበላል፤ አንድ ከምንም ይሻላልና። እውነተኛ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ «ዘጠኙን ለራስህ አንዷን ለእኔ? ይቅርብኝ!» ይላሉ። በ2003 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ አለን ሳንፊና ባልደረቦቹ 19 ሰዎችን ይህን እያጫወቱ አንጎላቸውን በኤም.አር.አይ. መሣሪያ አዩት። ዐድሎ ሲቀርብላቸው «ኢንሱላ» የሚባለው ክፍል ነቃ። ይህ ክፍል ክፉ ጠረንና ጣዕም ሲያጸይፈን የሚነቃ ነው። ዐድሎውን ያቀረበው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር መሆኑ ሲነገራቸው ደግሞ እንቢታቸው ይቀንሳል። ሰው ዐድሎን እንደ ገማ ሥጋ ይጸየፈዋል፤ የሚጸየፈውም ከሰው እጅ ሲመጣ ነው።

ግሩም ግኝት ነው። ግን እዚህ ላይ ቆሞ «የፍትሕ ፍቅር በኢንሱላ ውስጥ ተገኘ» ብሎ ጡሩንባ መንፋት ሁለት ነገር መርሳት ነው። አንደኛ፣ ያው ክፍል በሕመም ጊዜም፣ የልብ ምታችንን ስናዳምጥም፣ በሌላም ብዙ ሁኔታ ይነቃል። መብራቱ የበራበትን ክፍል አይቶ በውስጡ ምን እየተሠራ እንደሆነ መናገር አይቻልም፤ ረስል ፖልድራክ የተባለው ተመራማሪ በ2006 የሙያ ጓደኞቹን ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ነው። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ ይኸንኑ ጨዋታ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ አውጥተው ለ15 ትንንሽ ማኅበረሰቦች አቀረቡት፤ ውጤቱም በ2001 ወጣ። በፔሩ ጫካ የሚኖሩት ማቺጌንጋዎች ጥቂት ይሰጣሉ፤ ጥቂት የተሰጠውም ያለ ቅሬታ ይቀበላል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ካሉት አንዳንዶች ደግሞ ከግማሽ በላይ ሲሰጣቸው እንኳ እንቢ ይላሉ። ለምን ቢባል፣ በእነሱ ዘንድ ስጦታ መቀበል የሰጪው ባለዕዳ መሆን ነው። «ውለታ» የሚለው ቃል ያለን እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ኢንሱላ በፔሩም በፓፑዋም በፕሪንስተንም ያው ነው። የሚጸየፈውን ነገር ያስተማረው ግን አገሩ ነው። አንጎል ጸያፍ የሆነው ነገር ሲመጣ እንዴት እንደሚሰማን ያስረዳል፤ ምን ጸያፍ እንደሆነ ግን ከሰፈሩ፣ ከታሪኩ፣ ከገበያው ነው የሚማረው።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያውስ አንጎል ለኢኮኖሚክስ ምኑም አይደለም» የሚሉም አሉ። የፕሪንስተኖቹ ኢኮኖሚስቶች ፋሩክ ጉልና ቮልፍጋንግ ፔሰንዶርፈር በ2005 ባሰራጩትና በ2008 በታተመው ጽሑፋቸው፣ ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ምርጫን ነው፤ በአንጎል ውስጥ የሚሆነው ነገር የኢኮኖሚክስን ንድፈ ሐሳብ ሊያረጋግጠውም ሊያፈርሰውም አይችልም ብለዋል። ክርክራቸው የተጣራ ነው፤ ግን አልተቀበልኩትም። ኤልየትን ከደጅ ሆኖ ምርጫውን ብቻ የተመለከተ ሰው ምን አለ? «ልግመኛ» አለ። በደሉን ያነሣለት ወደ ውስጥ የተመለከተው ሐኪም ነው። በምርጫው ብቻ የተፈረደበትን ሰው የአንጎል ሳይንስ ነፃ አወጣው። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ምን ይፈለጋል?

ነገር ግን ያው ሳይንስ በተቃራኒውም ሊያስፈርድ ይችላል፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ሥጋት ነው። ነገሩ ወደ እኛ አገር ገበሬ ማሳ ይወስደናል።

ማዳበሪያ ምርትን እንደሚያሳድግ እየታወቀ ብዙ የኢትዮጵያ ገበሬ በሚገባው መጠን የማይጠቀመው ለምንድን ነው የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው። በአንጎል ሳይንስ የሰከረ ሰው መልሱ በእጁ ነው፤ ገበሬው ኪሣራን ከልክ በላይ የሚፈራ፣ ከነገ ትርፍ የዛሬን ጥቂት የሚያስበልጥ፣ የአንጎሉ አንድ ክፍል በሌላው ላይ የሠለጠነበት ሰው ነው ይላል። ስቴፋን ደርኮንና ሉክ ክርስቲያንሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ የገጠር መንደሮች የተሰበሰበ መረጃ መርምረው በ2011 ያወጡት ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ገበሬውን የሚይዘው ዝናብ ቀርቶ ምርቱ ሲበላሽ በቤተሰቡ ጉሮሮ ላይ የሚደርሰው ነገር ነው። ማዳበሪያው በገንዘብ ወይም በብድር ይገዛል። ዝናቡ ቢቀር ወጪው አይመለስም፤ ዕዳው ግን አይቀርም። ዕዳውን የሚከፍለው በሬው ነው። በሬው ከሄደ የሚቀጥለው ዓመት እርሻም አብሮት ይሄዳል።

የዚህን ገበሬ እጅ ብንለካው እንደ ካርታ ተጫዋቹ እጅ ያልበው ይሆናል። ታዲያ ላቡ ምን ይነግረናል? አንጎሉ እንደ ተሳሳተ ነው ወይስ ገበታውን በትክክል እንዳነበበ? በሳንቲሙ ጨዋታ ፈሪው ተሸነፈ፤ ምክንያቱም ሃያውን ዙር መጫወት የሚችልበት ገንዘብ ሌላ ሰው አስቀምጦለታል። ገበሬው ሁለተኛ ዙር የለውም። በአንድ ዙር ሽንፈት ከጨዋታው ለሚወጣ ሰው ፍርሃት ስሕተት አይደለም፤ ዕውቀት ነው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የአንጎል በሽተኛ አልነበረም፤ መልአክ ይመጣል ተብሎ ሰይጣን ሲመጣ ያየ ሰው ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል። ምርመራው ወደየት ቢመለከት መድኃኒቱም ከዚያው ይታዘዛል። ችግሩ በገበሬው ጭንቅላት ውስጥ ነው ካልን መድኃኒቱ ምክር፣ ሥልጠናና ማግባባት ይሆናል። ችግሩ በገበታው ላይ ነው ካልን ግን መድኃኒቱ የሰብል መድን፣ በክፉ ዓመት የሚዘገይ ዕዳ፣ መስኖና መጠባበቂያ እህል ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ተወዳጅ ነው። የዓለም ባንክ የ2015 የልማት ሪፖርቱን ስለ አእምሮና ስለ ሰው ጠባይ ማድረጉ የዚህን ሐሳብ መስፋፋት ያሳያል። ለክብሩ ልናገርና፣ ይኸው ሪፖርት የባንኩ ባለሙያዎች ራሳቸው ድሆች ምን እንደሚያስቡ ሲገምቱ ከእውነቱ ርቀው መገኘታቸውን አልደበቀም። ስለ ድሃ አንጎል የሚናገረውን ሰው አንጎልም መመርመር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ወደ መጽሐፉ ልመለስና ፍርዴን ልስጥ። «የዴካርት ስሕተት» በሚገባ የተጻፈ፣ ጠቃሚና ደፋር መጽሐፍ ነው። ስሜት የለሹ ሰው የጥሩ ውሳኔ ምሳሌ አለመሆኑን አሳይቷል፤ ይህን አንድ ነገር ማሳየቱ ብቻ ያኖረዋል። ስለ ጌጅ የጻፈው በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ስለ ዴካርት የጻፈውም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን አንባቢ መጽሐፉን ሲያነብ፣ በአይዋው ክፍል ውስጥ ከተጫዋቹ ማዶ የተቀመጠውን፣ መጽሐፉ ብዙም ትኩረት ያልሰጠውን ሰው እንዲያስተውለው እመክራለሁ። ተጫዋቹ ያልበዋል፤ ይመርጣል፤ ያተርፋል፤ ይከስራል። ማዶ የተቀመጠው ሰው ካርታውን ደርድሮ ላቡን ይመዘግባል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ይህ ተገቢ የሥራ ክፍፍል ነው። በገበያ ውስጥ ግን ካርታ ደርዳሪውም ሰው ነው፤ እሱም አንጎል አለው፤ እሱም ጥቅም አለው፤ እጁ ላይ ግን መለኪያ የገጠመበት የለም።

ኤልየትን ልግመኛ ያሉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ የተሰጣቸውን ፈተና በትክክል ፈትነው፣ የተሳሳተ ቦታ የተመለከቱ ናቸው። የአንጎል ሳይንስ ትክክለኛውን ቦታ አሳየ። አሁን ደግሞ ተራው የራሱ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ አገር ለምን ክፉ ምርጫ መረጠ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የራስ ቅል ከመክፈት በፊት ገበታውን ገለጥ አድርጎ ማየት ይገባዋል።